ዊንዶውስ 11 ይጫን ወይስ ይቅር? ከድሬዳዋ ሲታይ

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ሲሰጥ የነበረውን ነፃ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025) አቁሟል። ከዚያ ወዲህ ድሬዳዋ ውስጥ ከታይዋን ገበያ እስከ ሳቢያን፣ ኮምፒውተር በሚጠገንበት ደጅ ሁሉ ሁለት ዓይነት ምክር ይሰማል። አንደኛው «ዊንዶውስ 10 ተዘግቷል፣ ቶሎ 11 አስጭኑ» ይላል። ሁለተኛው «ኧረ አቦ! ይኸው እየሠራ አይደል እንዴ፣ ማን አስቸኮለህ» ይላል። የመጀመሪያው ብዙውን ጊዜ ከመጫኛ ክፍያ ጋር የተነካካ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ከስንፍና ጋር። ሁለቱም ግን አንድ ጥያቄ ይዘላሉ፦ ያ ኮምፒውተር ድጋፉ ከመቋረጡ በፊትስ ድጋፉን ያገኝ ነበር ወይ?

ድጋፍ ሲባል ደውለን የምናገኘው ሰው አይደለም። ማይክሮሶፍት በየወሩ፣ በፈረንጆቹ ወር ሁለተኛ ማክሰኞ፣ አዲስ የተገኙ የደኅንነት ክፍተቶችን የሚደፍን አፕዴት ይለቃል። ዋናው ድጋፍ እሱ ነው። እኛ ከተማ ደግሞ ዊንዶውስ ያስጫነ ሰው ኮምፒውተሩን ከመረከቡ በፊት ቴክኒሻኑን የሚለምነው አንድ ነገር አለ፤ «በናትህ አፕዴቱን ዝጋልኝ።»

ልመናው ያለ ምክንያት አይደለም። ኢንተርኔቱ ብዙ ጊዜ ከስልክ ሆትስፖት ነው የሚመጣው፤ ለወር ተብሎ የተገዛው ፓኬጅ ኮምፒውተሩ ሳይታወቅ በሚያወርደው አፕዴት በአንድ ከሰዓት ሲያልቅ ያየ ሰው ሁለተኛ አይሞክረውም። መብራትም አለ። «ኮምፒውተሩን አታጥፉ» የሚለው ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ እያለ መብራት ሄዶበት ከዚያ በኋላ አልነሳ ያለ ዴስክቶፕ ያጋጠመው ጽሕፈት ቤት፣ አፕዴትን እንደ ቫይረስ ቢፈራ አይፈረድበትም። የሆነ ሆኖ ውጤቱ ግልጽ ነው። በ2012 ዓ.ም. አፕዴቱ የተዘጋበት ማሽን ድጋፉ የተቋረጠው ያን ቀን ነው። ለእሱ ጥቅምት 4 እንደማንኛውም ማክሰኞ ያለፈ ቀን ነው።

ስለዚህ 11 ይጫን አይጫን ከማለት በፊት ያለንበትን ማወቅ ይቀድማል። የዊንዶውስ ቁልፍንና አር ፊደልን አንድ ላይ ተጭኖ፣ በሚከፈተው ትንሽ ሳጥን ውስጥ ዊንቨር (winver) የሚለውን ትእዛዝ በእንግሊዝኛ ፊደል መጻፍ በቂ ነው። የሚመጣው መስኮት ቨርዥን 22ኤች2፣ ቢልድ 19045 ካለ የመጨረሻው የዊንዶውስ 10 ዕትም ነው። 1909 ካለ ግን የሆምና የፕሮ ተጠቃሚዎች ድጋፍ ያበቃው ገና በግንቦት 2013 ነው። ከዚያ ወዲህ ያለውን ዘመን ሁሉ ባዶውን አልፏል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ማሽን ላይ ተቀምጦ ስለ ጥቅምቱ ቀን መጨነቅ ትርጉም የለውም፤ ቀድሞ ወደ 22ኤች2 ማምጣት ነው ሥራው።

የዚህን ነገር ክብደት ለማየት ወደ ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. መመለስ ይበቃል። ዋናክራይ የተባለው ጥቃት በዚያ ቀን ተነሥቶ ከ150 በላይ አገሮች ውስጥ የነበሩ ኮምፒውተሮችን ፋይል ቆልፎ ገንዘብ ጠየቀ፤ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ሳይቀሩ ቀጠሮ ለመሰረዝ ተገደዱ። በወቅቱ ብዙ ሰው ጥፋቱን በአሮጌው ዊንዶውስ ኤክስፒ ላይ ለጥፎ ነበር። ኋላ ሲጣራ ግን ከተጠቁት አብዛኞቹ ዊንዶውስ 7 የጫኑ ነበሩ። ዊንዶውስ 7 ያን ጊዜ ድጋፉ አልተቋረጠም፤ የተቋረጠው በጥር 2012 ነው። ክፍተቱን የሚደፍነው አፕዴትም ጥቃቱ ከመድረሱ ሁለት ወር ያህል ቀድሞ፣ በመጋቢት 2009 ተለቆ ነበር። የተጠቁት ድጋፍ እያለላቸው አፕዴቱን ያልወሰዱ ናቸው። 11 ጭኖ አፕዴቱን መልሶ የሚዘጋ ሰው የሚገባው እዚያው ወረፋ ውስጥ ነው።

እንግዲህ ከአፕዴት ጋር መታረቅ የማይቀር ከሆነ፣ የዳታውን ነገር በመላ መያዝ ይቻላል። በስልክ ሆትስፖት የሚጠቀም ሰው ያንን ዋይፋይ ሴቲንግስ ውስጥ ገብቶ «ሜተርድ ኮኔክሽን» ቢያደርገው ዊንዶውሱ ትልልቁን አፕዴት በራሱ አያወርድም፤ በወር አንድ ቀን ጥሩ መስመር ያለበት ቦታ ሄዶ ማውረድ ነው። ብዙ ኮምፒውተር ላለው ቢሮ ደግሞ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን በሚለው ገጽ ላይ «በራሴ ኔትወርክ ውስጥ ካሉ ኮምፒውተሮች ብቻ» የሚለው ሲመረጥ፣ አንዱ ያወረደውን ሌሎቹ ከእሱ ይቀዳሉ። ስምንት ኮምፒውተር ያለው የግል ትምህርት ቤት ያንኑ አፕዴት ስምንቴ ከኢንተርኔት ማውረድ የለበትም። እዚያው ገጽ ላይ ኢንተርኔት ላይ ላሉ ሌሎች ሰዎችም ማካፈልን የሚፈቅደው ምርጫ እንዳይበራ መጠንቀቅ ነው፤ እሱ የኛን ዳታ ለሰው ይመግባል።

አሁን ወደ 11። ሲወጣ መስከረም 25 ቀን 2014 ነበር፤ ያኔም ዛሬም የሚያጨቃጭቀው መስፈርቱ ነው። አራት ጊጋ ራም እና 64 ጊጋ ዲስክ ይበቃዋል ይባላል፤ ይህ በወረቀት ላይ ነው። ዋናዎቹ በሮች ሌሎች ናቸው፦ ቲፒኤም 2.0 የተባለው የደኅንነት ቺፕ፣ ኮምፒውተሩ ሲነሣ ያልታመነ ፕሮግራም አብሮ እንዳይነሣ የሚጠብቀው ሴኪዩር ቡት፣ እና ማይክሮሶፍት ካወጣው የፕሮሰሰር ዝርዝር ውስጥ መገኘት። በኢንቴል በኩል ዝርዝሩ፣ ጥቂት የ7ኛ ጀነሬሽን ፕሮሰሰሮች ሲቀሩ፣ ከ8ኛ ጀነሬሽን ይጀምራል። ከኤኤምዲ ደግሞ ከሁለተኛው የራይዘን ትውልድ ወዲህ ያሉት ናቸው፤ እዚያ ግን ቁጥሩ ስለሚያምታታ ሞዴሉን ዝርዝሩ ላይ ማየት ይሻላል።

ኢንቴሉን ማንበብ ቀላል ነው። ኮር አይ ፋይቭ 7200ዩ የሚለው ላይ የመጀመሪያው ቁጥር 7 ነው፤ 7ኛ ጀነሬሽን፣ ከበሩ ውጭ። 8250ዩ የሚለው 8ኛ ነው፤ ይገባል። 10210ዩ ካለ 10ኛ ነው። «ኮር አይ ሰቨን ነው እኮ!» የሚለው የሻጭ ፉከራ እዚህ ላይ አይረዳም፤ 4ኛ ጀነሬሽን አይ ሰቨን አይገባም፣ 8ኛ ጀነሬሽን አይ ስሪ ይገባል።

ቲፒኤም ላይ ግን ብዙ ሰው ያለ አግባብ ይመለሳል። የማይክሮሶፍት የማጣሪያ ፕሮግራም «ይህ ኮምፒውተር አያሟላም» ሲል፣ አንዳንዴ ቺፑ ኖሮ ባዮስ ውስጥ (ከዊንዶውሱ በፊት በሚነሣው የማሽኑ ሴቲንግ) ስላልበራ ብቻ ነው። ኢንቴል ላይ ፒቲቲ፣ ኤኤምዲ ላይ ኤፍቲፒኤም ተብሎ ይገኛል፤ ማብራት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ዲስኩ በድሮው ኤምቢአር አሠራር ከተከፋፈለ ደግሞ ሴኪዩር ቡትን ለማብራት ጂፒቲ ወደሚባለው አዲሱ አከፋፈል መቀየር አለበት። ለዚህ ዊንዶውስ 10 ራሱ ፋይል ሳያጠፋ የሚቀይር መሣሪያ ይዟል፤ ሆኖም ፋይልን ሌላ ቦታ ሳይገለብጡ መንካት ድፍረት ነው። 32 ቢት ዊንዶውስ 10 የተጫነበት ኮምፒውተር ካለ፣ 11 በ32 ቢት ስለማይመጣ እላዩ ላይ ማሻሻል አይሆንም፤ እንደ አዲስ መጫን ብቻ ነው።

ከመስፈርቱ ቀጥሎ የሚመጣው የፍጥነት ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ድሬዳዋ የራሷ ጣጣ አላት። ግንቦትና ሰኔ ላይ፣ ሙቀቱ በጥላም ሥር አላስቀምጥ ሲል፣ ላፕቶፕ ውስጥ ያለው ፕሮሰሰር ራሱን ከመቃጠል ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ማራገቢያውን የደቻቱ አቧራ ከዘጋው፣ ሙቀት የሚያስተላልፈው የፕሮሰሰሩ ቅባት (ፔስት) ከደረቀ፣ የትኛውም ዊንዶውስ ይንቀራፈፋል። «11 ኮምፒውተሬን ገደለው» ከሚሉት መካከል አንዳንዶቹ ማጽጃና አዲስ ፔስት ቢያገኙ ኖሮ ቅሬታቸው የሚያበቃ ይመስለኛል። ሌላው ገዳይ የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ነው። ማይክሮሶፍት ኤስኤስዲ (የማይሽከረከረው ፈጣኑ ዲስክ) የግድ ነው ባይልም፣ 11ን በሃርድ ዲስክ ላይ ማስኬድ ቅጣት ነው። ምርጫው በጀት ከሆነ፣ ከማንኛውም የዊንዶውስ ቅያሬ በፊት ገንዘቡ ኤስኤስዲ ላይ ይዋል። ራሙም አራት ጊጋ ከሆነ ስምንት ይደረግ። ይህ ዊንዶውስ 10 ላይ ለሚቀሩትም ይሠራል።

ደግሞ 11 እንደ አዲስ ሲጫን፣ ሲስተሙን በተለየ የተከለለ ቦታ የሚጠብቅ በቨርቹዋላይዜሽን ላይ የተመሠረተ ጥበቃ አብሮት ይበራል። አዳዲሶቹ ፕሮሰሰሮች ለዚህ ሥራ የተዘጋጀ ነገር ስላላቸው ጭነቱ አይሰማቸውም። አሮጌዎቹ በጉልበት ነው የሚሸከሙት። የፕሮሰሰሩ መስፈርት ሙሉ በሙሉ የንግድ ተንኮል ነው የሚለውን ክርክር ያልተቀበልኩት በዚህ ምክንያት ነው። ከፊሉ ንግድ መሆኑን ግን አልክድም፤ 7ኛ ጀነሬሽን ያለው ኮምፒውተር ዛሬም የቢሮ ሥራ ያለ ችግር ይሠራል።

መስፈርቱን የማያሟላ ኮምፒውተር ላይ 11 መጫን አይቻልም ማለት አይደለም። ቴክኒሻኖቻችን ሩፉስ በተባለው ፕሮግራም ፍላሽ ሲያዘጋጁ የቲፒኤሙንና የፕሮሰሰሩን ማጣሪያ አውጥተው ይጭኑታል። ይሠራል። ማይክሮሶፍት እንዲህ ለተጫነ ኮምፒውተር አፕዴት የማግኘት መብት እንደሌለው ጽፎ አስቀምጧል። እስካሁን ባለው ልምድ ወርሃዊው አፕዴት ብዙ ጊዜ ይመጣል፤ ዓመታዊው ትልቁ ዕትም ግን በራሱ አይመጣም፣ ያንኑ የፍላሽ ሥራ መድገም ይጠይቃል። አንዳንዱ በር ደግሞ ጨርሶ ተዘግቷል፦ ከ11ዱ የ24ኤች2 ዕትም ወዲህ የድሮዎቹ ኮር ቱ ዱዎ ፕሮሰሰሮች የሌላቸውን ትእዛዝ ስለሚፈልግ በማታለልም አይነሣም።

ራሱ ፎርማት ማድረግ ለሚችል ተማሪ፣ 6ኛ ወይም 7ኛ ጀነሬሽን ላፕቶፕ ላይ ይህን ቢያደርግ አልቃወምም። በየዓመቱ የሚያድሰው እሱ ራሱ ነው። ለክሊኒክ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለሂሳብ ቢሮ ግን አይመከርም። የዛሬው ቴክኒሻን የዛሬ ዓመት ከተማው ውስጥ ይኑር አይኑር ማን ያውቃል። እንዲህ ያሉ ተቋማት የሰው መረጃ ይዘዋል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ መረጃውን በአግባቡ መጠበቅ የሕግ ግዴታ ነው።

እስካሁን የጻፍኩት ሁሉ ቢረሳ እንኳ የሚከተለው ባይረሳ እመርጣለሁ። 11 ከ24ኤች2 ጀምሮ እንደ አዲስ ሲጫንና በማይክሮሶፍት አካውንት ሲገባበት፣ ዲስኩን በራሱ ይመሰጥረዋል። ባለቤቱን አይጠይቅም። መክፈቻው 48 አኃዝ ያለው ቁልፍ ሲሆን የሚቀመጠው በመጀመሪያ የገባው ሰው አካውንት ውስጥ ነው። በአዘቦቱ ቀን ኮምፒውተሩ ይህን ቁልፍ አይጠይቅም፤ ባዮስ ሲነካካ፣ ማዘርቦርድ ሲቀየር፣ ዲስኩ ተነቅሎ ሌላ ማሽን ላይ ሲሰካ ይጠይቃል። ቁልፉ ከሌለ ፋይሉ የለም። በምንም ሶፍትዌር አይመለስም፤ የተሠራው እንዳይመለስ ተደርጎ ነው።

ይህን ወደ ገበያችን አምጡት። ሰውየው ላፕቶፑን ለቴክኒሻን ሰጥቶ ምሳ ይበላል፣ በርጫው ላይ ይቀመጣል፣ አመሻሽ ላይ መጥቶ ይረከባል። በመካከሉ ዊንዶውሱ አካውንት ጠይቋል። የባለቤቱ ኢሜይል ስለማይታወቅ ቴክኒሻኑ በራሱ አካውንት፣ ወይም ለሥራ ብሎ በከፈተው አንድ አካውንት ገብቶ ጨርሷል። ክፋት የለበትም፤ ሥራውን ማቅለሉ ነው። ከዓመት በኋላ ግን ያ ላፕቶፕ ሰማያዊ ስክሪን አውጥቶ ቁልፍ ቢጠይቅ፣ የቤተሰቡ ፎቶና የመመረቂያ ጽሑፉ መክፈቻ የሚገኘው በማያስታውሰው ሰው ኢሜይል ውስጥ ነው። በጠፋ ሲም ቁጥር የተከፈተ የራስ አካውንትም ከዚህ ብዙ አይሻልም።

መፍትሔው ቁጭ ብሎ ማስጫን ነው። በራስ ኢሜይል፣ የይለፍ ቃሉን በሚያስታውሱት፣ ስልኩ በእጅ ባለ። አስቀድሞ የተጫነ ከሆነ ሴቲንግስ ውስጥ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ ገብቶ ዲቫይስ ኢንክሪፕሽን መብራት አለመብራቱን ማየት፤ በርቶ ከሆነና አካውንቱ የራስ ካልሆነ ማጥፋት፣ በራስ አካውንት ገብቶ መልሶ ማብራት፣ ቁልፉንም በወረቀት ማተም። ያለ አካውንት መግባትም እስካሁን በዘዴ ይቻላል፤ ማይክሮሶፍት ግን ያንን መንገድ በየዕትሙ እያጠበበው ነው።

ያልተገዛን ዊንዶውስ እንደተገዛ የሚያስመስለው አክቲቬተር (ክራክ) የሚባለውም ከዚሁ ጋር ይነሣ። አብዛኛው ዊንዶውሳችን ፈቃድ የተገዛለት እንዳልሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ስለ እሱ ስብከት አልጀምርም። ግን ክራኩን ለማስኬድ መጀመሪያ የሚጠፋው የዊንዶውሱ ጸረ ቫይረስ ዲፌንደር ነው፤ ከጠፋ በኋላ የገባው ፕሮግራም ሌላ ምን ይዞ እንደገባ የሚነግረን የለም። ደኅንነት ፈልጎ 11 የሚያስጭን ሰው ጥበቃውን አጥፍቶ ቢጀምር ነገሩ አያስኬድም። ብዙ ላፕቶፖች ከፋብሪካ ሲወጡ የዊንዶውስ ፈቃዳቸው ማዘርቦርዱ ላይ ታትሞ ይመጣል። ፈቃዱ የዊንዶውስ 10 ከሆነ ለ11ም ያገለግላል። ትክክለኛው ዕትም (ሆም ከነበረ ሆም፣ ፕሮ ከነበረ ፕሮ) ከተጫነ ኢንተርኔት ሲያገኝ በራሱ አክቲቬት ይሆናል። ቴክኒሻኖች በልማድ ሁሉንም ፕሮ ስለሚጭኑት ነው ባለ ፈቃዱ ላፕቶፕ ክራክ የሚፈልገው።

ስለ አማርኛ ጽሑፍ ከዚህ አጠር አድርጌ ልለፍ። ፎርማት ከተደረገ በኋላ «ጽሑፌ ቅርጹ ተለወጠ» የሚል ስሞታ የተለመደ ነው። ምክንያቱ ናያላ ፎንት ነው። ከዊንዶውስ 10 ጀምሮ ናያላ ከዊንዶውሱ ጋር አይጫንም፤ በቦታው ያለው ኢብሪማ ነው። ናያላን ለማምጣት አማርኛን በቋንቋ ዝርዝር ውስጥ መጨመር ወይም ኢትዮፒክ ሰፕለመንታል ፎንትስ የሚለውን ተጨማሪ ማውረድ ያስፈልጋል። የሚወርደውም በዊንዶውስ አፕዴት በኩል ነው፤ ቴክኒሻኑ አፕዴቱን ከሥሩ ከዘጋው ፎንቱም አይመጣም። በድሮው የአማርኛ መጻፊያ በቪዡዋል ግዕዝ ዘመን የተጻፉ ፋይሎች ያላቸው መሥሪያ ቤቶች ደግሞ ፎንቱን ራሱን ፎርማት ከመደረጉ በፊት ፍላሽ ላይ ይገልብጡ። እነዚያ ፋይሎች ያለ ፎንታቸው ሲከፈቱ የላቲን ፊደል ጥርቅም ናቸው።

ከዚያ የሂሳብ ፕሮግራሙ ፒችትሪ አለ። ስሙ ሴጅ 50 ከሆነ ዓመታት ቢያልፉም የድሬዳዋ ነጋዴ ሂሳብ የሚያዘው አሁንም በድሮው ፒችትሪ ነው። አንዳንዱ ዕትም 11 ላይ ይነሣል፣ አንዳንዱ ያስቸግራል፤ ከካሽ ሬጅስተሩ ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራምና ያረጀው ፕሪንተርም እንደዚያው። እላዩ ላይ በማሻሻል 11 የገባበት ኮምፒውተር በ10 ቀን ውስጥ ወደ 10 መመለስ ይችላል። እነዚህ 10 ቀናት ለሙከራ ናቸው፤ ፒችትሪውን ከፍቶ፣ ደረሰኝ አሳትሞ፣ ባክአፑን መልሶ ጭኖ ማየት። ሰኔ 30 ሒሳብ በሚዘጋበት ሰሞን፣ ወይም የቫት ማስታወቂያ ቀነ ገደብ ሲቃረብ ይህን የሚጀምር ካለ ምክሬ አይደለም።

ለፒችትሪ ብቻ የተቀመጠ ኮምፒውተር ግን 11 ያስፈልገዋል ወይ? እኔ አያስፈልገውም ባይ ነኝ። የኢንተርኔቱን ገመድ ነቅሎ፣ ዋይፋዩን አጥፍቶ፣ የእንግዳ ፍላሽ ከልክሎ በ10 ላይ ማቆየት ይቻላል። ኢታክስ፣ ኢሜይልና የባንክ ሥራ በሌላ፣ አፕዴት በሚያገኝ ኮምፒውተር ይሠራ። ከዚራ አካባቢ እንዳሉት ጽሕፈት ቤቶች ያሉት ግን በዚህ አያመልጡም። ድሮ ተማሪው ፍላሽ ይዞ ይመጣ ነበር፤ አሁን አሳይመንቱን በቴሌግራም ልኮ «ወንድሜ ፕሪንት አድርግልኝ» ነው የሚለው። ስለዚህ ማተሚያው ኮምፒውተር ቀኑን ሙሉ ኢንተርኔት ላይ ሆኖ ከማያውቀው ሰው ፋይል ይከፍታል። በከተማው ውስጥ ቀድሞ መሻሻል ያለበት ማሽን ቢኖር እሱ ነው። የሚገርመው አሮጌው የሚቀመጠውም እዚያ ነው።

11 ለማይገባበት ኮምፒውተር ማይክሮሶፍት የሚሸጠው ማራዘሚያ አለ። ለግለሰብ ተጠቃሚ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 የደኅንነት አፕዴት ያስገኛል። ዋጋው 30 ዶላር ነው። ብር በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲመራ ከተደረገ በኋላ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ማለፉን ለሚያስታውስ፣ ውጭ አገር በካርድ መክፈልም የራሱ መከራ ለሆነበት ሰው ይህ ቀላል አይደለም። ሆኖም ያለ ክፍያ የሚገባበት በር ክፍት ተትቷል፦ በማይክሮሶፍት አካውንት ገብቶ የኮምፒውተሩን ሴቲንግ ባክአፕ እንዲያደርግ መፍቀድ። መስፈርቱ 22ኤች2 ላይ መሆንና ያለፉትን አፕዴቶች መውሰድ ነው። ከተሟላ የምዝገባው ማስፈንጠሪያ ሴቲንግስ ውስጥ አፕዴት ገጽ ላይ ይታያል፤ አፕዴቱ የተዘጋበት ማሽን ግን አያየውም። ይህን ነፃ ዓመት መውሰድ የማይገባው ሰው አላውቅም።

ለድርጅት ዋጋው ሌላ ነው። ለአንድ ኮምፒውተር በመጀመሪያው ዓመት 61 ዶላር፣ በየዓመቱ እጥፍ እየሆነ ለሦስት ዓመት። ሲደመር 427 ዶላር ይሆናል። በዛሬው ምንዛሪ አስሉት፤ ለአሮጌ ዴስክቶፕ ይህን የሚከፍል ሥራ አስኪያጅ ካለ ሂሳብ ሹሙ ዝም ማለት የለበትም።

በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫነው ነፃው ሊኑክስስ? ከዓይነቶቹ አንዱ ሚንት 22 እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ድጋፍ አለው፣ በስምንት ጊጋ ራም አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ቀልጠፍ ይላል፣ የአማርኛ ኪቦርድም አይቸግርም። ለድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ተማሪ እንዲያውም ትምህርት ነው። ፒችትሪ ወይም ፓወር ግዕዝ ላይ ለሚውል ግን ራስ ምታት ነው። ጽሕፈት ቤት ውስጥም የደንበኛው የወርድ ፋይል ገጽ ሲዛባ ጠቡ ከደንበኛው ጋር ነው።

የሴኪዩር ቡት ጉዳይ ላይ ሰሞኑን የሚናፈስ ወሬ ስላለ አንድ ነገር ልበል። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጡት የሴኪዩር ቡት ሰርተፊኬቶች ከጁን 2026 ጀምሮ ጊዜያቸው ያልፋል። «ኮምፒውተር ሁሉ መነሣት ያቆማል» የሚለው ውሸት ነው፤ መነሣቱን ይቀጥላል፣ የሚቀርበት ለአነሣሡ ሂደት የሚመጣው አዲስ የደኅንነት ማስተካከያ ነው። አዲሱ ሰርተፊኬት የሚገባው ደግሞ በአፕዴት ነው።

አዲስ ሊገዙ ለተዘጋጁት የመጨረሻው ነገር ገበያው ነው። ውጭ አገር ያሉ ድርጅቶች 11 የማይቀበሉ ኮምፒውተሮቻቸውን ሲያራግፉ፣ 6ኛና 7ኛ ጀነሬሽን ላፕቶፕ በስላይትሊ ዩዝድ ስም ወደኛ መውረዱ አይቀርም። ሰውነቱ ያማረ፣ ባትሪው የሚይዝ፣ ስክሪኑ የማይጠላ ይሆናል። ሻጩም ከፍቶ 11 ያሳያል። 11 ተጭኖ መታየቱ ማስረጃ አይደለም፤ ሩፉስ እነሱም ጋ አለ። ሴቲንግስ ውስጥ አባውት ገብቶ የፕሮሰሰሩን ቁጥር ማንበብ፣ ዲስኩ ኤስኤስዲ መሆኑን ታስክ ማናጀር ላይ ማየት፣ የገባበት አካውንት የማን እንደሆነ መጠየቅ። ጀነሬሽኑ 8ኛ ወይም ከዚያ በላይ ካልሆነ መግዛት ክልክል አይደለም፤ ዋጋውን ግን በዚያው ልክ ማውረድ ነው፣ ሻጩ እስኪቆጣም ቢሆን።